ጭስ ያልደረሰው ጣራ

ደብረ ብርሃን ላይ ለመጻሕፍት ወዳጆች ካደረግሁት ንግግር የተጻፈ

እንደምን አመሻችሁ። የዚህ ከተማ ብርድ በዚህ ሰዓት ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ጋቢ ደርባችሁ ስለ ልብ ወለድ ለመስማት መምጣታችሁ ደስ አሰኝቶኛል፤ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ስለ አሮጌ ቤት ላወራችሁ ነው። አያት ሠርቶት፣ ልጅ አስፍቶት፣ የልጅ ልጅ ስለሚሸሸው ቤት። ታላላቅ የዓለም ልብ ወለዶች እንዲህ ያለ ቤት ይወዳሉ። ስለነሱ ሲወራ ደግሞ ሁሌ አንድ ነገር ይባላል፦ ቤቱ ባለቤቱን ይመስላል። እውነት ነው፤ ግን ለእኔ አይበቃኝም። ቤት በተሠራ ሰሞን የሚመስለው አናጢውን ነው። ባለቤቱን መምሰል የሚጀምረው የሚኖሩበት ሰዎች አንድ ነገር መዝጋት ሲጀምሩ ነው። መስኮት ሲዘጉ። ክፍል ሲቆልፉ። ሰዓት ሲያቆሙ። እሳት ይነድበት የነበረው ቦታ ሲቀዘቅዝ። ስለዚህ አሮጌ ቤት ያለበት መጽሐፍ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው የተዘጋውን ነው።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። የሣር ጣራ ነው።

የአያቴ ቤት መንዝ ውስጥ ነው፤ የድንጋይ ቤት። እንጨት ብርቅ በሆነበት፣ ንፋሱ አጥንት ድረስ በሚገባበት አገር ሰው በድንጋይ ይሠራል። ካቡ ወፍራም ነው፤ በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ሰው ካላጎነበሰ አይገባም። ክዳኑ ጓሳ ነበር። ጓሳ የሣሩም ስም ነው፣ ሣሩ የሚበቅልበት የደጋው ሜዳም ስም ነው። መቼም ከመሃላችሁ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ይህን ሜዳ የመንዝ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የአቅኚዎቹ የአስቦና የጌራ ዘሮች አለቃ እየመረጡ፣ ሜዳውን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በቀን ቆርጠው ይከፍቱት ነበር፤ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ያ ሥርዓት ቢፈርስም ሕዝቡ በሌላ መልክ ጥበቃውን ቀጥሎበታል። እንግዲህ አስቡት፣ አንድ ጎጆ ክዳን እንዲያገኝ አገር ሙሉ መክሮ ነው።

የሣር ክዳን ደግሞ ጠባይ አለው። ጭስ ይፈልጋል። ከምድጃው የሚወጣው ጭስ በሣሩ ውስጥ ሲያልፍ ያደርቀዋል፣ ተባይ ያባርርለታል፣ ጥቀርሻውም ይለብሰዋል። እሳት ያልነደደበት ቤት ጣራው እርጥበት ይዞ ከውስጥ ይበሰብሳል። ዝናብ ብቻ አይደለም ጣራ የሚያፈሰው።

የአያቴ ቤት ሁለት ክፍል ነበረው፣ ጓዳና እልፍኝ። ልጅ ሆኜ ጓዳ መደቡ ላይ ዝተት ተነጥፎልኝ በጀርባዬ ተኝቼ ጣራውን አይ ነበር። ጥቁር ነው። የሚያብረቀርቅ ጥቁር። ከሣሩ ጫፍ የጥቀርሻ ክር ይንጠለጠላል፤ አንዳንዴም ተበጥሶ ወተት ውስጥ ይወድቃል። እልፍኙ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ አያቴ መቀነት ላይ ታስሯል። ከደጅ ሆኖ ጣራውን ላየው ሰው ነገሩ ግልጽ ነበር፤ በጓዳው በኩል ክዳኑ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ በእልፍኙ በኩል ሰርጉዷል፣ ክረምት ላይ አረንጓዴ ነገር ያበቅልበታል። ይኸው አንድ ጣራ፣ አንድ ግድግዳ፣ ግማሹ በሕይወት ያለ፣ ግማሹ የሞተ። «እማማ፣ እልፍኙ ለምን ተዘጋ?» ስንላት አትቆጣም። «እሱ ይቆይ» ነበር መልሷ። ሌላ ቃል የላትም። ይቆይ።

ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል። ሰው ሲያገባ ጎጆ ወጣ እንላለን። ሚስትም ባልም ባለቤት ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ አድራጊም በሰዋስው ባለቤት ይባላል። የግጥም ስንኝ መጨረሻው ሲገጥም ቤት መታ እንላለን። አዲስ ቤት የገባን ሰው «ቤት ለእንቦሳ!» እንለዋለን፣ «እንቦሳ እሰሩ!» ይለናል፤ ግድግዳው ገና ሳይደርቅ ጥጃ ይታሰርበት ዘንድ ነው ምኞቱ፣ ማለት ሕይወት ይግባበት። ዘር ሲቋረጥስ ምን እንላለን? ቤቱ ተዘጋ። አልፈረሰም፣ አልተቃጠለም። ተዘጋ ነው የምንለው። ይህን ቃል ይዛችሁ ወደ መጻሕፍቱ ኑ።

መጀመሪያ ጎጎል። «ሙት ነፍሳት» እ.ኤ.አ. በ1842 የወጣ የሩሲያ ልብ ወለድ ነው። ቺቺኮቭ የሚባል ሰው ከባለርስት ወደ ባለርስት እየዞረ የሞቱ ገባሮችን ስም ይገዛል፤ እኛም ከሱ ጋር ቤት ለቤት እንዞራለን። ሶባኬቪች ቤት ስንደርስ ጠረጴዛው፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ከባድና ወፍራም ነው፤ እያንዳንዱ ወንበር «እኔም ሶባኬቪች ነኝ» የሚል ይመስላል ይላል ደራሲው። ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው ይህችን ነው፤ ትስቃላችሁም። ለእኔ ግን የሚበልጠው ፕሊዩሽኪን ነው።

ፕሊዩሽኪን ሺህ ገባር ያለው ሀብታም ሲሆን ለማኝ መስሎ ይኖራል። ከመንገድ ያገኘውን የጫማ ሶል፣ ሚስማር፣ የተሰበረ ሸክላ እያነሣ ቤቱ ጥግ ይከምራል። ቺቺኮቭ ሲመጣ ከቤቱ መስኮቶች የተከፈቱት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ሌላው በሳንቃ ተመትቷል ወይም ተከርችሟል። ከሁለቱም አንዱ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጎጎል እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ «ስስታም ሰው፣ ጨለማ ቤት» ብለን እናልፍ ነበር። አላቆመም። ወደ ኋላ ይመልሰናል። ይህ ሰው ድሮ ጎበዝ አስተዳዳሪ ነበር፤ ጎረቤት ምክር ሊጠይቀው፣ ምሳ ሊበላ ይመጣ ነበር። ከዚያ ሚስቱ ሞተች። ትልቋ ልጁ ከመኮንን ጋር ኮበለለች። ወንዱ ልጅ ያለ አባቱ ፈቃድ ወታደር ሆነ። ትንሿ ልጅ ሞተች። በየዓመቱም የቤቱ መስኮት እየተዘጋ ሄደ፤ ሁለት እስኪቀር። አያችሁ? መስኮቶቹን መቁጠር ሐዘኑን መቁጠር ነው። በዚያ ላይ ግድግዳው አጠገብ ፔንዱለሙ የቆመ ሰዓት አለ፤ ሸረሪት ድሯን አድርታበታለች።

የቆመ ሰዓት ካልን ዲከንስ ጋ መሄድ የግድ ነው። «ታላቅ ተስፋ» እ.ኤ.አ. በ1860 እና 61 በየሳምንቱ በመጽሔት እየታተመ የወጣ ነው። ሚስ ሃቪሻም የሠርጓ ቀን ጠዋት እየለበሰች ሳለ ሙሽራው እንደማይመጣ የሚነግራት ደብዳቤ ይደርሳታል። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ለሦስት ሰዓት ሃያ ጉዳይ ነው። የቤቱን ሰዓት ሁሉ እዚያው ላይ አቆመችው። ቬሎዋን አላወለቀችም። አንድ ጫማ አድርጋለች፣ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ነው። የሠርጉ ኬክ እስከነጠረጴዛው ሸረሪት ወርሶታል። ይህን ሁሉ ታውቁት ይሆናል። ልብ የማይባለው የቤቱ ስም ነው። ሳቲስ ይባላል፣ በላቲን «በቂ» ማለት ነው። ስሙ ሲወጣለት ይህን ቤት የያዘ ሌላ ምንም አያስፈልገውም ለማለት ነበር። ሴትዮዋ ቃሉን ቃል በቃል ወሰደችው፤ ቀን አያስፈልገኝም፣ ሰው አያስፈልገኝም አለች። ከቤቱ መስኮቶች አንዳንዶቹ በግንብ ተደፍነዋል። እዚያ ጨለማ ውስጥ ደግሞ አንዲት ልጅ ታሳድጋለች። ስለ ሚስ ሃቪሻም ብዙ ሰው ያዝናል፤ እኔ የማዝነው ለልጅቷ፣ ለኤስቴላ ነው። በሌላ ሰው በቀል በተዘጋ መስኮት ሥር ማደግ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

የአሜሪካዊውን ደራሲ የኤድጋር አለን ፖን «የአሸር ቤት ውድቀት» ቶሎ ልለፈው። እ.ኤ.አ. 1839፣ አጭር ታሪክ ነው። የአካባቢው ገበሬ ቤተሰቡንም ሕንፃውንም በአንድ ስም ይጠራል፣ «የአሸር ቤት» ይላል፤ ልክ እኛ «የእገሌ ቤት» እንደምንለው። ከጣራው ጀምሮ በግድግዳው ላይ ጠማማ ቀጭን ስንጥቅ ይወርዳል። የመጨረሻዎቹ ወንድምና እህት ሲሞቱ ቤቱ በዚያ ስንጥቅ ተከፍሎ ኩሬው ውስጥ ይሰጥማል። ድንቅ ነው፤ ግን ነገሩ ከመጀመሪያው ስለተወሰነ ይመስለኛል፣ ለእኔ ልብ አይነካም። ቤቱ ከመውደቅ በቀር ምርጫ የለውም።

ምርጫ ያለበት ቤት ልንገራችሁ። እዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። የኤሚሊ ብሮንቴ «ዉዘሪንግ ሃይትስ»፣ እ.ኤ.አ. 1847። ቤቱ በእንግሊዝ አገር፣ ዮርክሽየር ውስጥ፣ ንፋስ በሚያናውጠው ኮረብታ ላይ ያለ የድንጋይ ቤት ነው። መስኮቶቹ ጠባብ፣ ግድግዳው ውስጥ ጠልቀው የገቡ ናቸው። የመንዝ ልጅ ሆኜ ሳነበው ቤቱን የማውቀው አገር ቤት አድርጌ ለማሰብ አልተቸገርኩም፤ ንፋሱንም አውቀዋለሁ።

ታሪኩ ሲጀምር፣ እ.ኤ.አ. 1801 ላይ፣ አዲስ ተከራይ ሊጠይቅ ይመጣል። የግቢው በር በሰንሰለት ታስሯል። በሩ አናት ላይ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸ ያያል፦ 1500፣ ከሥሩም ሄርተን ኧርንሾ የሚል ስም። ሦስት መቶ ዓመት። እንግዳው ታሪኩን ሊጠይቅ ቢያምረውም የባለቤቱ ፊት አላስጠየቀውም። እኛም ከብዙ ገጽ በኋላ ነው የሚገባን። ዛሬም በዚያ ቤት ሄርተን ኧርንሾ የሚባል ወጣት አለ፣ የቤቱ ትክክለኛ ወራሽ። ነገር ግን አባቱ በቁማር ዕዳ ርስቱን ሂትክሊፍ ለሚባል ሰው አስይዞ ሞቷል። ሂትክሊፍም ልጁን እንደ ሎሌ አሳደገው፤ ሆን ብሎ ፊደል ነፈገው። ስለዚህ ይህ ልጅ በየቀኑ በገዛ ስሙ ሥር ይገባል፣ በገዛ ስሙ ሥር ይወጣል። ማንበብ አይችልም።

አንድ ቀን ለአክስቱ ልጅ ለካትሪን «ያንን አሁን ማንበብ እችላለሁ» ይላታል። እየተንተባተበ፣ ፊደል በፊደል፣ ስሙን ያነብላታል። «ቁጥሩስ?» ትለዋለች። «እሱን ገና አላወቅሁትም።» ትስቅበታለች። እዚህ ቦታ ስደርስ ሁሌ አንጀቴ ይላወሳል።

ምክንያቱም አያቴ፣ ወንዱ አያቴ፣ ፊደል አልቆጠረም ነበር። አንድ ቀን ከቆዳ ማኅደሩ የግብር ደረሰኝ አወጣ። ወረቀቱ ከመታጠፍ ብዛት በመስቀል ቅርጽ ሊቆረጥ ደርሷል። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። «አንተ ልጅ፣ ስሜ የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ጣቴን አሳረፍኩለት። አውራ ጣቱን እኔ ካሳየሁት ቦታ ላይ አኖረ፤ ቀለሙን እንዳይነካው ነው መሰል ሳይጫነው። ቆየ። ከዚያ አጣጥፎ መለሰው። ስንት ዓመት ሙሉ ስሙን ተሸክሞ ሲዞር የቱ ጋ እንዳለ አያውቅም ነበር። ስለዚህ ካትሪን ስትስቅ አብሬ መሳቅ አልችልም።

ብሮንቴ ግን እዚያ አትተወንም። ካትሪን በኋላ ተጸጽታ ራሷ ታስተምረዋለች። ያ ተከራይ በሚቀጥለው ዓመት ሲመለስ የግቢው በር በእጁ ሲገፋው ተከፈተለት፤ መዝለልም ማንኳኳትም አላስፈለገውም። የቤቱ በርና መስኮቱ ወለል ብሏል። የአበባ ሽታ ይመጣል። ውስጥ ሁለቱ አንድ መጽሐፍ ላይ አቀርቅረዋል። ግድግዳው ያው ነው፣ ንፋሱም ያው ነው። የተለወጠው የተከፈተው በር ነው። ከመጽሐፉ ሁሉ ይህችን ገጽ ለቤቶች ሁሉ የምመኘው ነው።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን ልመለስ፤ ምክንያቱም ይኸው ነገር በእኛም ትልቅ ልብ ወለድ ውስጥ አለ። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. አሳተሙት። የፊታውራሪ መሸሻን ቤት አስቡት። ጎጃም ነው፣ ግን እኛም አገር ስንት እንዲህ ያለ ግቢ ነበረ። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ለጋብቻ ስትጠየቅ ፊታውራሪ በዘሩ አይመጥነንም እያሉ ጠያቂውን ሁሉ መለሱ፤ ልጅቷም ዕድሜዋ እየገፋ ቤት ቀረች። ያ ቤት በሰው የተሞላ ነው፤ እንግዳ አይጠፋበትም። ሆኖም ለአንዲቱ ልጅ ተዘግቷል። የሚከፈትላት በምን በኩል ነው? በፊደል በኩል። በዛብህ የሚገባው አስተማሪ ሆኖ ነው። ካትሪንና ሄርተንን አስታወሳችሁ? ዮርክሽየርና ጎጃም ምን አገናኛቸው? ሁለቱም ደራሲዎች የተዘጋ ቤትን መጀመሪያ የሚሰነጥቀው ፊደል ነው ብለዋል፤ ለዚያውም አንዷ ልጁን፣ ሌላው ልጅቷን ተማሪ አድርገው። ብሮንቴ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሐዲስ አልከፈቱትም፣ የሚከፍተው ዘመን ገና ነበርና። ርዕሱ ራሱ መቃብር ላይ የሚያልቀው ያለ ነገር አይደለም።

የእኛው የደብረ ሲናው ልጅ ዳኛቸው ወርቁም በ1962 ዓ.ም. ባሳተመው «አደፍርስ» ከተማረው ወጣት ጋር አሮጌውን ዓለም ፊት ለፊት አቁሞ አከራክሯል። ከጣርማ በር ቁልቁል ስትወርዱ ያን መጽሐፍ ይዛችሁ ውረዱ፣ ሌላ ምክር የለኝም። ስለሱ ማውራት የጀመርኩ እንደሆነ እዚህ ያድርብናል።

አንድ ሰው፣ በተለይ እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጣችሁ ተማሪዎች፣ «ታዲያ የተከፈተ ቤት የሚወድ ደራሲ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1813 ባወጣችው «ኩራትና ጭፍን ጥላቻ» ኤልሳቤጥ ዳርሲን ጠልታው፣ የጋብቻ ጥያቄውን መልሳበት፣ በኋላ እሱ በሌለበት ቤቱን ትጎበኛለች። የቤቱ ጠባቂ ሴት ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ታውቀዋለችና ስለ ደግነቱ ትመሰክርለታለች። ቤቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ፣ ለታይታ የተቀመጠ ነገር የለም። ኤልሳቤጥ ሰውየውን ፊቱን እያየች ያላወቀችውን ቤቱን አይታ አወቀችው። «የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ» የምንለው ሰው አለ አይደል? ዳርሲ የዚያ ተቃራኒ ነው፤ ውጭ ቀጋ፣ ቤት አልጋ። እንዲህ ያለውን ሰው ለማወቅ ቤቱ መግባት ግድ ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ። የነዚህ መጻሕፍት ቤቶች አብዛኞቹ የባለርስት ናቸው። መስኮት ሊዘጋ መጀመሪያ መስኮት ሊኖር ይገባል። የገባሩ ጎጆ ገጽ ያገኘው ስንት ቦታ ነው? አንድ ክፍል ውስጥ ሰውም ጥጃም የሚያድርበት፣ ቆጥ ላይ ዶሮ የሚሰፍርበት ቤትም የተዘጋ ነገር አለው። ክፍል ባይኖር ሳጥን ይዘጋል። ሳጥን ባይኖር ወሬ ይዘጋል፤ ስሙ የማይጠራ ልጅ ይኖራል። ከናንተ መሃል የሚጽፍ ካለ ይህን ቤት ይጻፍልን እላለሁ፣ እየለመንኩ ነው የምለው። ክዳኑ በቆርቆሮ እየተተካ ነው። ቆርቆሮ ጥሩ ነው፣ አያፈስም፣ እናቶቻችንን ከጭስ አሳርፏል፤ ግን የት የት እሳት ይነድ እንደነበር አይናገርም።

አሁን ወደ እልፍኙ።

አያቴ አራት ልጆች ነበሯት። የመጨረሻው፣ እኔ ያላየሁት አጎቴ፣ በ1970ዎቹ ለጦር ሜዳ ተመልምሎ ሄደ። አልተመለሰም። መርዶም አልመጣም። ሞቷል ያለ የለም፣ አለም ያለ የለም። ሌሊት ሳይነጋ የሸኙት ከዚያ እልፍኝ ነበር። ይህን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ እኔ ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ።

አያቴ ስታርፍ፣ ከተዝካሩ በኋላ፣ ቁልፉ ከመቀነቷ ተፈትቶ ለአክስቴ ተሰጠ። ልጅ ሆነን እዚያ ውስጥ ምን አለ ያላልነው ነገር አልነበረም፦ ወርቅ፣ ጠመንጃ፣ የአያቶች በርኖስ። በሩ በትከሻ ተገፍቶ ነው የተከፈተው። ጣራው አንድ ቦታ ተቀዶ ብርሃን ይገባ ነበር። የበሰበሰ ጓሳ ወለሉ ላይ ወርዷል። ወርቅ የለም። ልብሱ የለም። ባዶ ነው።

መሃል ላይ ምድጃው አለ። አመዱ አልተጠረገም። ቤቷን በቀን ሦስት ጊዜ የምትጠርግ ሴት ናት፤ አመድ አድሮ አያውቅም። ጠጋ ብለን ስናየው አመዱ ተከምሯል፣ በእጅ ዙሪያውን ተስተካክሎ፣ አናቱ ክብ ሆኖ። ማታ ማታ ፍም ለጠዋት እንዲያድር እንደሚደረገው። አክስቴ ቁጢጥ አለች። ብዙ ጊዜ ዝም ብላ አየችው።

«አዳፍናው ነው» አለች።

ከዚያ «ጭራሮ አምጡ» ብላ ነጠላዋን አደገደገች።